ክርክር፦ ኃያል የቦክስ ማናጀር ለቦክሰኛው ጋሻ ነው ወይስ ቀንበር?

ጥያቄውን ያቀረበው፦
ብዙ ስመ ጥር ቦክሰኞችን በእጁ የያዘ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር በቀጥታ የሚደራደር፣ ማን ከማን ጋር መቼ እንደሚገጥም የሚወስን ማናጀር ለቦክሰኞቹና ለስፖርቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? እኔ ይጎዳል ባይ ነኝ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1986 ቲም ዊዘርስፑን ለንደን ዌምብሌይ ላይ ፍራንክ ብሩኖን በ11ኛው ዙር አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን አስጠበቀ። ፕሮሞተሩ፣ ማለትም ግጥሚያውን አዘጋጅቶ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ዶን ኪንግ ነበር፤ የዊዘርስፑን ማናጀር ደግሞ የኪንግ የእንጀራ ልጅ ካርል ኪንግ ነበር። የማናጀሩና የልዩ ልዩ ወጪው ሒሳብ ተቀናንሶ ሲያበቃ በሻምፒዮኑ እጅ የገባው 90,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ተሸንፎ የወጣው ብሩኖ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተከፍሎታል። ዊዘርስፑን ፍርድ ቤት ሄዶ ከዓመታት ሙግት በኋላ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል በስምምነት ቢያገኝም፣ የጉልበቱ ዘመን በዚያ መካከል አልፎ ነበር። አሸናፊው ከተሸናፊው ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ በሚሄድበት ስፖርት ውስጥ የማናጀርን ጥቅም የሚያስረዳኝ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

አሰልጣኙ፦
ወንድሜ፣ የጠቀስከው ታሪክ እውነት ነው፤ ሆኖም ከእሱ የምንማረው ማናጀሩ ለቦክሰኛው ሳይሆን ለፕሮሞተሩ ማደሩን ነው። የማናጀሩ ኃያልነት ሌላ ጉዳይ ነው። ኃያል ሰው ከኋላው የሌለው ቦክሰኛ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ ጄክ ላሞታን ማየት ይበቃል። ላሞታ ቦክሱን ይቆጣጠሩ የነበሩትን ወንበዴዎች ጥላ አልፈልግም ብሎ ለዓመታት ከታላላቆቹ ጋር ሲፋለም ኖሮ ለሻምፒዮንነት የሚገጥምበትን ዕድል ግን የሚሰጠው አላገኘም። በመጨረሻ በ1947 ወንበዴዎቹ እንደፈለጉት ለቢሊ ፎክስ ሆን ብሎ ተሸነፈ፤ ቀበቶውን የወሰደበት ግጥሚያም በ1949 መጣለት። ይህን ራሱ በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መስክሯል።

በዚያ ዘመን ታላላቆቹን ግጥሚያዎች በሞኖፖል የያዘው የጄምስ ኖሪስ ኢንተርናሽናል ቦክሲንግ ክለብ ሲሆን፣ ከጀርባው ፍራንኪ ካርቦ የሚባል የማፊያ ሰው ነበረ። ይህን ሰንሰለት ከተጋፈጡት አንዱ ማናጀር ነው፤ ከስ ዳማቶ። ፍሎይድ ፓተርሰን በ1956 ገና በ21 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ዳማቶ ከክለቡ ጋር አልሠራም ብሎ በሩን ዘጋበት። ሻምፒዮኑን ማግኘት ያልቻለ ሞኖፖል ምን ያህል እንደሚዳከም መገመት አያዳግትም። በ1959 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክለቡ እንዲፈርስ የተሰጠውን ውሳኔ አጸናው።

ከራሴም አንድ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ የመጀመሪያ ግጥሚያውን ሊያደርግ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እጁን በፋሻ ስጠቀልልለት፣ ማናጀሩ ወረቀት ይዞ ገባና «እዚህች ላይ ፈርምልኝ» አለው። ፋሻው መዳፉን እስከ ጣቶቹ ሥር ሸፍኖት ስለነበር ልጁ ብዕሩን በሁለት ጣቱ ጫፍ ቆንጥጦ ፈረመ፤ አንድ መስመር እንኳ አላነበበም፣ እኔም ግጥሚያው ሊጀመር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከገቢው እኩሌታውን ለአምስት ዓመት መስጠቱን ያወቀው የመጀመሪያ ክፍያውን ሲቀበል ነበር። ይህ ማናጀር በስሩ ከሦስት ልጆች በላይ አልነበረውም። ትንሹም ያው ይበላል ለማለት ነው።

ተመልካቹ፦
ሁለታችሁም «ለቦክሰኛው» እና «ለስፖርቱ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጋችሁ ተነሥታችኋል፤ ለእኔ ግን ብዙ ጊዜ ተጻራሪዎች ናቸው። ዳማቶ ለፓተርሰን ጋሻ የነበረውን ያህል ለተመልካቹ መከራ ነበር። በ1957 ሻምፒዮኑን ያጋጠመው ከፒት ራዴማከር ጋር ነው፤ ሰውየው የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ቢሆንም አንድም የፕሮፌሽናል ግጥሚያ አድርጎ የማያውቅ ነበር። ሁሉም የሚጠብቀውን ሶኒ ሊስተንን ግን ዳማቶ አጥብቆ ሸሸው። ፓተርሰን የማናጀሩን ምክር ጥሶ በ1962 ሊስተንን ሲገጥም በመጀመሪያው ዙር፣ ሁለት ደቂቃ ጥቂት እንዳለፈ ተዘረረ። እንግዲህ ማናጀሩ ለልጁ ትክክል ነበር፤ ሕዝቡም ግጥሚያውን መጠየቁ ትክክል ነበር። የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው።

ቦክሰኞቹ ሜይዌዘርና ፓኪያኦም እንዲሁ ናቸው። ድርድሩ በ2009 መጨረሻ ተጀምሮ ሪንግ ላይ የተገናኙት በግንቦት 2015፣ አንዱ 38 ሌላው 36 ዓመት ሞልቶት ነው። በአሜሪካ በቴሌቪዥን በክፍያ እንዲታይ 4.6 ሚሊዮን ጊዜ የተሸጠው ያ ግጥሚያ በገንዘብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ለቡጢው ግን እኔ ከሶፋዬ ላይ እንቅልፍ እየታገልኩ ነው የጨረስኩት።

ጥያቄውን ያቀረበው፦
የመዘግየቱን ነገር እቀበላለሁ። ነገር ግን አሰልጣኙ ያነሡት ዳማቶ ከመቶ አንዱ ነው። የአንድ ሰው ደግነት ሥርዓት ሊሆን አይችልም፤ ቀጣዩ ማናጀር ደግ ባይሆን ቦክሰኛው ምን ይተርፈዋል?

የሕግ ባለሙያዋ፦
ጥያቄው አሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ መጥቷል ብዬ አምናለሁ። በመሐመድ አሊ ስም የተጠራው የአሜሪካ የቦክስ ማሻሻያ ሕግ በ2000 ሲወጣ ዋና ዓላማው በሁለት ቢላዋ መብላትን መከልከል ነበር። ፕሮሞተሩ ወጪውን ለመቀነስ ይደራደራል፣ ማናጀሩ የቦክሰኛውን ክፍያ ለማሳደግ፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ገቢ ውስጥ ድርሻ እንዳይኖረው ሕጉ ይደነግጋል። ፕሮሞተሩ ከግጥሚያው ምን ያህል እንደሚያገኝም ለቦክሰኛው እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ዊዘርስፑን ያጣው ይህን ነበር። በ2015 ጎልደን ቦይ የተባለው የፕሮሞተር ድርጅት ማናጀሩ አል ሄይመን በአማካሪነት ስም የፕሮሞተርን ሥራ ይሠራል፣ ገበያውንም ጠቅልሎ ይዟል ብሎ 300 ሚሊዮን ዶላር ቢጠይቅም፣ ፍርድ ቤቱ በ2017 መጀመሪያ ክሱን ውድቅ አድርጎታል። በዚያ ክስ የተከራከሩት ተፎካካሪ ነጋዴዎች መሆናቸውንና የቦክሰኞቹ ኪስ የክርክሩ ማዕከል እንዳልነበረ ግን ልብ ልንል ይገባል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሹገር ሬይ ሌናርድ አሳይቷል። በ1976 የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላ ጠበቃው ማይክ ትሬይነር ከ24 ሰዎች 21,000 ዶላር በብድር ሰበሰበለት። ሌናርድ ብድሩን ከመጀመሪያው ግጥሚያ ገቢ መለሰ፤ ትሬይነርም ከቡጢው ገቢ በመቶኛ ከመቁረጥ ይልቅ እንደማንኛውም ጠበቃ በሠራበት ሰዓት ይከፈለው ነበር። ኃያልነቱ ከተደራደረባቸው ክፍያዎች ይታወቃል፤ ደንበኛው ግን በማንም እጅ አልነበረም።

የሕጉን ጉድለት ሳልናገር አላልፍም። ፕሮሞተርና ማናጀርን የሚለየው ድንጋጌ የሚያገለግለው ለ10 ዙርና ከዚያ በላይ ለሚገጥሙ ቦክሰኞች ብቻ ነው። አራትና ስድስት ዙር የሚገጥመው ጀማሪ፣ የሚፈርመውን የማያውቀው ማለት ነው፣ በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም።

አሰልጣኙ፦
ፋሻ የጠቀለልኩለት ልጅ በዚያን ዕለት ሊገጥም የነበረው አራት ዙር ነው።