"ምንጣፍ ስር ጠረጉት" አማርኛ ነው እንዴ?

ሰላማዊት፦ ሰላም የቋንቋ ቤተሰቦች። አንድ ጽሑፍ እያረምኩ "ጉዳዩን ምንጣፍ ስር ጠረጉት" የሚል አገኘሁና ጆሮዬን ቆረቆረኝ። "ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈለት" እንኳን በቃ ለምደነዋል። ይሄኛውስ የኛ ነው ወይስ ከፈረንጅ የመጣ? ምንጣፍ ያለበት የራሳችን አባባል ካለም ንገሩኝ እስቲ

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ ሁለቱም የፈረንጅ ናቸው። ቀይ ምንጣፉ ግድ የለም፣ የውጭ መሪ ቦሌ ሲያርፍ እውነትም ስለሚነጠፍ ሰው በአይኑ ያየዋል። ሁለተኛው ግን ያስቃል እኮ፣ ጭቃ ወለል ላይ ቁርበት ወይ ሰሌን አንጥፎ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሳ አንስቶ ያራግፈዋል ከዛ ጠቅልሎ ግድግዳ ያስደግፈዋል፣ ታዲያ ጥራጊው የት ይደበቃል? ምንጣፍ አመቱን ሙሉ ተዘርግቶ የሚከርምበት ቤት የፈጠረው አባባል ነው። ለዚህ ነገር እኛ "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" አለን፣ ያውም መዘዙን አብሮ ይናገራል።

ተረታችን ውስጥ ምንጣፍን ትተሽ ቁርበትን ፈልጊ። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባል የለ

አቤል፦ ይሄን ተረት ሁሌ እሰማዋለሁ ግን "እንግዳ ሆኖ ክብር ጠየቀ" ማለት ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ቁርበት ራሱ ምንድነው? ከአጎዛ ይለያል?

የመንዝ ልጅ፦ ይለያል ወንድሜ። አጎዛ ከነጠጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለእንግዳ መቀመጫ ይነጠፋል። ቁርበት የከብት ነው፣ በችካል ተወጥሮ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በደንብ ካላለፉት እንደ ጣውላ ነው፣ ሌሊት በተገላበጥክ ቁጥር ኳ ኳ ይልብሃል። ቀን ደግሞ እህል ይሰጣበታል። አሁን ተረቱን እየው፣ ጅብ ቁርበት ይበላል! ባገሩማ ማን ያነጥፍለታል፣ ሲያዩት ነው የሚሸሽጉት። ስለዚህ የሚባለው እንዲሁ እንግዳ ለሆነ ሰው ሳይሆን ባገሩ ጉዱ ታውቆበት ሰው በማያውቀው ቦታ ጨዋ መስሎ ለሚጀነን ነው።

ሰላማዊት፦ ኧረ በስመአብ ቁርበት መብላቱን አስቤው አላውቅም 😂 ሌላ ጥያቄ፣ "ላሟ ነጠፈች" "ኪሴ ነጠፈ" የምንለውስ ከማንጠፍ ጋር ዘመድ ነው?

ጋሽ መምህር፦ አይደለም ልጄ፣ በድምፅ ብቻ ነው የተገጣጠሙት። ያ ደረቀ፣ አለቀ ነው፤ ምንጭም ይነጥፋል እንባም ይነጥፋል። የዘረጋው "አነጠፈ" ግን ግዕዙ "ነጸፈ" ነው፣ ጸጉር ጠጉር፣ ጸብ ጠብ እንደሆነው ጸ ወደ ጠ ሄዶ ነው። የሆሳዕናውን ወንጌል ማቴዎስ 21፥8 በግዕዝ ብታነቢው ሕዝቡ ልብሱን መንገድ ላይ "ነጸፉ" ይላል፣ አማርኛው "አነጠፉ"። "ንጣፍ"ም ከዚሁ ነው፣ ሴራሚኩም ኮብልስቶኑም ንጣፍ የሚባለው ለዚህ ነው። "እግሩ ስር ተነጥፎ ለመነው" ስንልም ሰውየውን ራሱን ምንጣፍ ማድረጋችን ነው።

አቤል፦ ጋሼ ታዲያ "መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ" ከሆሳዕና የመጣ ነው?

ጋሽ መምህር፦ እንደዛ የሚሉ አሉ፣ ደስ ይላል፣ እኔ ግን አልቸኩልም። ድንጋይና እሾህ በባዶ እግሩ ለሚረግጥ መንገደኛ መንገዱ እንደ ጨርቅ ይለስልስልህ ማለት ለብቻው ይበቃል፣ ወንጌል አያስፈልገውም።

የዲሲዋ፦ ስለ ቄጤማ ማንም አላነሳም! ለኛ የክብር ምንጣፍ እኮ እሱ ነው። "አንጥፎ ጎዝጉዞ ተቀበለው" ሲባል ጉዝጓዙ ቄጤማ ነው፣ ተነጥፎ አይጠቀለልም፣ ተረግጦ ተጠርጎ ይጣላል። እዚህ ሞኬት ላይ አንዴ እውነተኛ ሳር ጎዝጉዤ ቫኪዩሜ ታነቀብኝ፣ አሁን የፕላስቲኩን ነው የምዘረጋው፣ ሽታው ግን የለም

ሰላማዊት፦ 😂😂 በቃ እኔ "ጉዳዩን አለባብሰው አለፉት" ብዬ አስተካክዬዋለሁ፣ ጸሐፊው ለምን ነካሽብኝ ካለ ወደዚህ እልከዋለሁ፣ ከጋሼ ጋር ይከራከር።