የሶፍትዌር ጥናት እኛ ጋ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ለአንድ የብርድ ልብስ ሱቅ የሽያጭ ሲስተም እየሠራሁ ነው። እነዚህ ምሁራን የሚጽፉት ጥናት እኛ ኮድ ጻፊዎቹ ጋ ይደርሳል ወይስ እዚያው መጽሔት ላይ ይቀራል?

መልስ፦ ይደርሳል እንጂ! መንገድ ላይ የሐሳቡ ባለቤት ስም ስለሚጠፋ ነው የማናውቀው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሊቀየር የሚችለውን ውሳኔ በአንድ ሞጁል (ለብቻው በቆመ የፕሮግራም ክፍል) ውስጥ ደብቁ ብሎ ጻፈ። የዋጋ ስሌቱን ለብቻው ስታስቀምጥ በእሱ ሐሳብ ነው የምትሠራው።

ሌላ መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ኮድ ሪቪውንም (ሌላ ሰው ኮድህን አይቶ ስህተት መፈለጉን) አትርሳ። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ ማይክል ፋጋን እ.ኤ.አ. በ1976 የኮድ ፍተሻ ዘዴውን አሳተመ። ያኔ ተሰብስበው ነበር የሚያዩት፣ አሁን ቀለል ብሏል። ባለፈው ጓደኛዬ ኮዴን አይቶ ቅናሹ ሁለት ጊዜ እየተቀነሰ እንደሆነ አገኘልኝ፣ ባያየው ኖሮ ባለሱቁ ይከስር ነበር።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። የእኔ የዋጋ ስሌት አራት ፋይል ውስጥ ተበትኗል፣ ዛሬ ማታ አንድ ቦታ እሰበስበዋለሁ።