ቲዩብ ፕሪአምፕ + ሁለት ትራንዚስተር ፓወር አምፕ፦ ቤዙ የት ገባ?

ቤዝ ፈላጊ፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ቲዩብ ፕሪአምፕ (ከፓወር አምፑ በፊት የሚገባው) አለኝ፣ 12ኤዩ7 በሚባል ቲዩብ የሚሰራ፣ ስፒከሩን ከሚነዳው አንድ ትራንዚስተር ፓወር አምፕ ጋር ሲሰራ ምንም እንከን አይወጣለትም ነበር። ስፒከሮቼ ባይአምፕ (ለቤዝና ለላይኛው ድምፅ የተለያየ አምፕ) ስለሚቀበሉ ያንኑ አይነት ሁለተኛ ፓወር አምፕ ጨመርኩና አንዱን ለቤዝ አንዱን ለላይኛው ድምፅ አደረኩት፣ ከፕሪአምፑ የሚወጣውን በዋይ ኬብል ለሁለት ከፍዬ ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ቤዙ ሳሳ፣ ድምፁም በጠቅላላ ትንሽ ወረደ፣ ቮልዩም ብጨምርም ያ ጉልበት የለም። አምፕ ሲጨመር ይብሳል ተብሎ ይታሰባል? 😅 ማኑዋሉ ላይ የፓወር አምፖቹ ኢንፑት ኢምፒዳንስ (መግቢያው ለሲግናሉ ያለው ተቃውሞ) 20 ኪሎ ኦም ይላል። ሌላው ደግሞ ስከፍተው ስፒከሩ ድው ይላል፣ ይሄስ ጉዳት አለው?

የድሮ ቲዩብ፦
ቲዩብህ ደክሞ ይሆናላ። ጥሩ የድሮ ቲዩብ ፈልገህ ቀይረው፣ ቤዙ ሲመለስ ታያለህ።

ኦም ቆጣሪ፦
እረ ገንዘብህን አታባክን ወንድሜ፣ ቲዩቡማ በአንድ አምፕ ጊዜም ያው ራሱ ነበር እኮ። የተቀየረው ጭነቱ ነው። ሁለት 20 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን ሲገናኙ ፕሪአምፑ የሚያየው 10 ኪሎ ኦም ነው። አሁን የፕሪአምፑን መውጫ አስብ፣ ቲዩቡ ላይ ያለው ከፍተኛ ዲሲ ቮልቴጅ ወደ ፓወር አምፑ እንዳያልፍ መውጫው ላይ ካፓሲተር አለ፣ ይሄ ካፓሲተር ከተቀባዩ ኢምፒዳንስ ጋር ሲሆን ሃይ ፓስ ፊልተር (ከፍተኛውን ድምፅ አሳልፎ ዝቅተኛውን የሚቆርጥ) ይሰራል፣ ስለዚህ ኢምፒዳንሱ በወረደ ቁጥር የሚቆረጠው ቤዝ ይጨምራል። ብዙ ቲዩብ ፕሪአምፕ የሚሰራው ከ47 ወይ ከ100 ኪሎ ኦም ጋር ይገናኛል ተብሎ ነው፣ ቲዩብ ፓወር አምፖች እንደዛ ስለሆኑ። ትራንዚስተሮቹ ላይ ግን 10 እና 20 የተለመደ ነው። ለምሳሌ ካፓሲተርህ 0.22 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ በ20 ኪሎ ኦም 36 ኸርዝ ላይ፣ በ10 ደግሞ 72 ኸርዝ ላይ በ3 ዲቢ ይወርዳል።

ብየዳ፦
መንገዱ ልክ ነው ግን የፕሪአምፑ የራሱ አውትፑት ኢምፒዳንስም ይደመራል። 12ኤዩ7 ከፕሌቱ (ከቲዩቡ አንዱ ጫፍ) በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ፣ ማለትም ካቶድ ፎሎወር (አውትፑት ኢምፒዳንሱን ዝቅ የሚያደርግ የቲዩብ ደረጃ) ከሌለው፣ ወደ 7 ኪሎ ኦም አካባቢ ቁጠር። እንደዛ ሲሆን በ0.22 ከ27 ወደ 43 ኸርዝ ነው የሄድከው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ የባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ላይ ነው ያለው። የድምፁ መውረድም ከዚሁ ነው፣ በ7ቱ ላይ በ20 ፈንታ 10 ሲጫን ከበፊቱ 2 ዲቢ ያህል ትጥላለህ። ለዛ ነው ተቀባዩ ከላኪው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን የሚባለው፣ አንተ 2 እጥፍ እንኳ አልሞላህም።

ሳትከፍተው ማረጋገጥ ትችላለህ፦ ሁሉንም አጥፋ፣ የላይኛውን አምፕ ኬብል ከዋዩ ንቀል፣ የቤዙን አምፕ ብቻ አብርተህ ስማ። ቤዙ ከተመለሰ አለቀ፣ ነገሩ ጭነት ነው።

መፍትሄው፣ አንዱ ካፓሲተሩን ማሳደግ ነው፣ 2.2 ማይክሮ ፋራድ ብታደርገው ወደ 4 ኸርዝ ይወርዳል። ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፣ ቮልቴጁ ደግሞ ከፕሪአምፑ ሰፕላይ በላይ የሚችል፣ 400 እና ከዛ በላይ ፈልግ። ግን ይሄ ቤዙን ይመልስልሃል እንጂ ቲዩቡ ላይ ያለውን ጫና አይነካውም፣ ዲስቶርሽኑ እንዳለ ነው። በዛ ላይ ትልቅ ካፓሲተር፣ ስታበራው የምትሰማውን ድው ያረዝመዋል። እኔ ብሆን ከፕሪአምፑ ቀጥሎ በፈር (ፕሪአምፑን ከጭነቱ የሚያሳርፍ መሃል ላይ የሚገባ ሰርኪዩት) ነው የማደርገው፣ ካቶድ ፎሎወርም ይሁን ትራንዚስተር፣ ኢንፑቱ 100 ኪሎ ኦም አውትፑቱ ከ1 ኪሎ ኦም በታች ከሆነ ሁለት አምፕ አይደለም ሶስት ይጎትታል። የቲዩቡ ጣዕም ይጠፋል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልሰማሁትም፣ ቲዩቡን አፍነህ ይዘኸው ከምትሰማው ግን ይሻላል።

ለማንኛውም ከከፈትከው ተጠንቀቅ፣ ከሶኬት ነቅለኸውም ካፓሲተሮቹ ውስጥ 250፣ 300 ቮልት ሊቆይ ይችላል። በሜትር ሳትለካ እጅህን እንዳታስገባ!!

ኦም ቆጣሪ፦
ልክ ነህ 7ቱ ይደመራል። ድው የሚለውን ደግሞ፣ ቲዩቡ እስኪሞቅ መውጫው ላይ ቮልቴጁ ይዋልላል፣ ያ መወዛወዝ በካፓሲተሩ በኩል አልፎ ነው ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው። ትራንዚስተር አምፕ ደግሞ ወዲያው ነው የሚነሳው፣ አንዳንዱማ እስከ ዲሲ ድረስ ያሳልፋል፣ የስፒከሩን ኮን ሲገፋው በአይንህ ታያለህ። ስለዚህ ፕሪአምፑን መጀመሪያ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከዛ ፓወር አምፖቹን። ስታጠፋ በተቃራኒው፣ ፓወር አምፕ መጀመሪያ። በአንድ ማብሪያ ሁሉንም ባንዴ ካበራሃቸው ተው።

ቤዝ ፈላጊ፦
ኬብሉን ነቅዬ ሞከርኩት፣ ቤዙ ወዲያው መጣ!! እኔ ደግሞ በአንድ ማብሪያ ነበር ሁሉንም የማበራው 🙈 በፈሩን እየፈለኩ ነው። እስከዛ ግን ሌላ ጥያቄ፣ ቤዙን ለሌላ ብራንድ አምፕ ብሰጠውስ? 47 ኪሎ ኦም የሆነ አንድ ጓደኛዬ ጋ አለ።

ብየዳ፦
47 ከ20 ጋር 14 ኪሎ ኦም ይሰጥሃል፣ ትንሽ ይሻላል እንጂ አይፈታውም። ደግሞ ጌይናቸውን (ሲግናሉን የሚያጎሉበትን መጠን) እይ፣ አንዱ 26 ዲቢ ሌላው 32 ከሆነ ቤዙና ላይኛው አይመጣጠኑም፣ አንዱ ላይ የሌቭል ማስተካከያ ከሌለው አትሞክረው። ተመሳሳዮቹን ይዘህ በፈሩን ጠብቅ፣ እስከዛ በአንዱ አምፕ ብቻ ስማ።