የጀመርኩት እድሳት መንገድ ላይ እንዳይቀር ምከሩኝ

እ.ኤ.አ. በ1969 ገበያ የወጣውን ዓይነት ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ብስክሌት ማደስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስፈታው ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉት አራቱ ካርቡራተሮች ተበታትነው፣ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጡን ዝጎ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ልባስ ተሰነጣጥቆ ሳይ እጄ ለሥራ አይነሳም። የሚያዝለኝ ድካሙ አይደለም፤ አንዱን ስጨርስ ሌላ ብልሽት መገለጡ ነው። የፊት ፍሬኑን አድሼ ሳበቃ የመንገድ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተር ዘይት ሲያፈስ አገኘሁት! መለዋወጫ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ የቀረውን ፍላጎቴን ይጨርሰዋል። ሽጠው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን የዚህን ሞተር ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ።

እንዲህ ያለ ረጅም እድሳት የጨረሳችሁ፣ መካከል ላይ ስትዝሉ ምን አደረጋችሁ? ቀለሙንና ማሳመሩን ትቼ መጀመሪያ ሞተሩን ላስነሳ ወይስ ሻሲውን (ሁሉም ክፍል የሚታሰርበትን የብረት አካል) ልጨርስ? ለጥቂት ጊዜ ተወት አድርጎ መመለስስ ይረዳል?