ኤስኤስዲ ከተጨመረ በኋላ የቤት ሰርቨር በኬብል ኔትወርክ አልያዝ አለ

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ስክሪን የለውም፣ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በኔትወርክ) ነው የሚገባበት። ማዘርቦርዱ ላይ አንድ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (በቀጥታ የሚሰካ ፈጣን የፋይል ማከማቻ) ከተጨመረ ወዲህ ኔትወርክ የለም። የፖርቱ መብራት ጠፍቷል። ሲነሳም ከወትሮው 2 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ያንኑ ኬብል ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ኢንተርኔት ይሰራል፣ ስለዚህ ኬብሉም ራውተሩም ደህና ናቸው። ስክሪን አገናኝቼ «አይፒ ኤ» (የኔትወርክ ካርዶችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ስል ኢኤንፒ4ኤስ0 የሚል የካርድ ስም ይታያል፣ አድራሻ ግን የለውም። ኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

መልስ 1

ኧረ ካርድ አትግዛ። የተቃጠለ ካርድ ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ አይታይም።

በመጀመሪያ ከካርዱ ስም ቀጥሎ በሹል ቅንፍ ውስጥ የተጻፉትን ቃላት እይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። «ኖ ካሪየር» እና «አፕ» አብረው ካሉ ሰርቨሩ ካርዱን አስነስቶታል፣ ከወዲያኛው ጫፍ ግን ምልክት አልደረሰውም ማለት ነው። ያኔ ኬብሉን፣ ፖርቱን፣ ስዊቹን ፈትሽ። «አፕ» የሚለው ጭራሽ ከሌለ ግን ካርዱን ተነስ ያለው የለም፤ አስር ኬብል ብትቀያይርም ለውጥ አታይም። መብራቱም የጠፋው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙ ካላስነሳቸው መብራታቸውን የማያበሩ ካርዶች አሉ።

ያንተ ሁለተኛው ይመስለኛል። በስሙ ውስጥ ከ«ፒ» ቀጥሎ ያለው ቁጥር የካርዱ የፒሲአይ ባስ (ማዘርቦርዱ ካርዶችን የሚያገናኝበት መስመር) ቁጥር ነው። አዲሱ ኤንቪኤምኢ የራሱን ቁጥር ሲወስድ ከሱ በኋላ የሚቆጠሩት ይገፋሉ፤ ኢኤንፒ3ኤስ0 የነበረው ኢኤንፒ4ኤስ0 ይሆናል። የኔትፕላን (የኡቡንቱ ኔትወርክ ማዋቀሪያ) ፋይልህ የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው። የ2 ደቂቃው መዘግየትም ሲስተሙ የሌለ ካርድ ሲጠብቅ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

«ኢቲሲ» ስር «ኔትፕላን» ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ክፈት። 3ን በ4 ብትተካ ለዛሬ ይሰራል፤ ሌላ ነገር ስትጨምር ግን ያው ይደገማል። በማክ አድራሻ (ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ) ብታስረው ይሻላል። «ኢተርኔትስ» ስር የፈለግከውን መጠሪያ ስጥ፤ ከመጠሪያው ስር «ማች»፣ ከሱም ስር «ማክአድረስ» ብለህ «አይፒ ኤ» ላይ «ሊንክ ኢተር» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን አድራሻ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጻፍ። «ዲኤችሲፒ4» (አድራሻ ከራውተሩ እንዲቀበል የሚያደርገው) ከ«ማች» ጋር እኩል ይጀምር። ገባ የሚለው ሁሉ በስፔስ ይሁን፤ አንድ ታብ ከገባበት ፋይሉ አይነበብም። ስትጨርስ «ኔትፕላን አፕላይ» ሳይሆን «ሱዶ ኔትፕላን ትራይ» በል፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቅከው ራሱ ወደ ድሮው ይመልስልሃል።

ጠያቂው

ልክ ነህ፣ «አፕ» የሚል የለም፤ ፋይሉ ውስጥም ኢኤንፒ3ኤስ0 ነበር። በማክ ሲታሰር መብራቱ በራ፣ አድራሻም ያዘ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የቀረው ፋይል ሲገለበጥ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አያልፍም። «ኢትቱል» (የካርዱን ሁኔታ የሚያሳየው ትእዛዝ) ፍጥነቱን 100 ሜጋቢት ይላል፤ ካርዱም ራውተሩም ግን ጊጋቢት ናቸው።

መልስ 2

ይሄኛው ኬብሉ ነው። ላፕቶፕ ላይ ሰራ ማለት ኬብሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ውስጡ 8 ሽቦ፣ ማለትም 4 ጥንድ አለ። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ኛ ቦታ ላይ ያሉትን 2 ጥንዶች ብቻ ነው፤ ጊጋቢት 4ቱንም ይፈልጋል። 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 ላይ አንዷ ሽቦ ብትላቀቅ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ ፍጥነቱ ነው የሚወርደው። አንዳንድ ካርድ ደግሞ ወደ 100 አልወርድም ብሎ ጊጋቢትን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ያኔ «ዲሜስግ» (የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ሊንኩ ሲነሳና ሲወድቅ ታየዋለህ።

የጫፉን ፕላስቲክ ወደ ብርሃን ያዝና ከፊት ለፊት እየው። ስምንቱም ሽቦዎች እስከ ፕላስቲኩ የፊት ግድግዳ ድረስ መድረስ አለባቸው፤ አንዷ አጥራ ከቀረች የብረት ጥርሱ አይነክሳትም። ጫፉን ቁረጥና አዲስ ፕላስቲክ እንደገና ምታበት። መንጠቆው ወደ ታች ሆኖ፣ የሽቦው መግቢያ ወዳንተ ዞሮ፣ ከግራ ጀምረህ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የጥንዶቹን ጥምዝ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ። የውጪው ልባስም ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ይታሰር፤ አለበለዚያ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር ሸክሙ በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ይሆናል።

ቀለሞቹን በየጥንዳቸው ተራ በተራ አትደርድር። በመብራት የሚሰራው ርካሽ ቴስተር «ደህና» ይልሃል፤ ምልክቱ ግን ይረበሻል። «ኢትቱል» በትልቁ ኤስ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የ«ሲአርሲ» (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ስህተት ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ነገሩ ይሄ ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ በእጅህ አትቆልፈው። አንዱን ወገን 100 ፉል ዱፕሌክስ (በአንዴ መላክም መቀበልም) ላይ ብታስር፣ ሌላው በአውቶ ላይ እያለ ስምምነት ስለማያገኝ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ይይዛል። ፒንግ (ትንሽ የሙከራ መልእክት) ይሰራል፣ ትልቅ ፋይል ስትልክ ግን ይንቀራፈፋል።

መልስ 3

ዲኤችሲፒ ትተህ ቋሚ አድራሻ ከሰጠኸው ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ ያለ ቁጥር ምረጥ። ራውተሩ መጨረሻቸው ከ100 እስከ 200 የሆኑ አድራሻዎችን የሚያድል ከሆነ ሰርቨሩን መጨረሻው 50 የሆነ ላይ አድርገው። ክልሉ ውስጥ ከሆነ ሰርቨሩ ጠፍቶ በቆየበት ሰዓት ስልክ ወይም ቲቪ አድራሻውን ሊወስድበት ይችላል፤ ከዚያ ግንኙነቱ መጣ ሄደ ይላል። «አርፒንግ» በሚባለው ትእዛዝ በትልቁ ዲ አድራሻውን ብትጠይቅ፣ መልስ ከመጣ ሌላ መሣሪያ ይዞታል።

ከሰዓታት በኋላ በራሱ የሚቋረጥ ከሆነና ካርዱ ኢንቴል ሆኖ «ኢ1000ኢ» ድራይቨር የሚጠቀም ከሆነ «ዲሜስግ» ላይ «ሃርድዌር ዩኒት ሃንግ» የሚል ፈልግ። ካገኘህ በ«ኢትቱል» ትንሹ «ኬ» ሳይሆን ትልቁን «ኬ» ተጠቅመህ «ቲኤስኦ» እና «ጂኤስኦ»ን (የሚላክ ዳታ አቆራረጥ ቅንብሮችን) «ኦፍ» አድርግ። ሰርቨሩ ሲነሳ ቅንብሩ ስለሚጠፋ በተነሳ ቁጥር በራሱ እንዲፈጸም አስገባው።