ያጠራቀምኩትን ገንዘብ የትኛው የቁጠባ ሂሳብ ውስጥ ላስገባው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የስድስት ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። አሁን ያለው ወለድ የማያስገኝ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ ነው። ግማሹን ከዓመት በኋላ ለትምህርት እከፍለዋለሁ፤ የቀረው ለክፉ ቀን ነው። ባንክ ስሄድ ተራ ቁጠባ፣ ልዩ ቁጠባ፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ከወለድ ነፃ እያሉ ደረደሩልኝ። ከፍ ያለ ወለድ ያለው የጊዜ ገደቡ ነው። ሁሉንም እዚያ ላስገባው?

የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦ ኧረ ሁሉንም አታስገቢ እህቴ! የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማለት ገንዘቡን ለ3፣ ለ6 ወይም ለ12 ወር ላልነካው ብለሽ መዋዋል ነው። ባንኩም እስከዚያ እንደማይወጣ ስለሚያውቅ ተረጋግቶ ያበድረዋል፤ ወለዱ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ከቀኑ በፊት ልውሰድ ካልሽ ግን ብዙ ባንኮች ወለዱን ይቀንሱብሻል፤ ጨርሰው የሚያስቀሩም አሉ። ስለዚህ የክፉ ቀኑ ገንዘብ በፈለግሽ ሰዓት የምታወጪበት ተራ ቁጠባ ውስጥ ይሁን። የትምህርቱን ግን የምትከፍይበትን ቀን ስለምታውቂው በጊዜ ገደብ አስቀምጪው።

ስትፈርሚ ውሉ ሲያልቅ በራሱ ይታደስ እንደሆነ ጠይቂ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መክፈያው ደርሶ ባንክ ሲሄድ ገንዘቡ ለሌላ ዓመት ታስሮ ይጠብቀዋል። «አይታደስ፣ ወደ ቁጠባ ሂሳቤ ይግባ» ብለሽ ገና ከመጀመሪያው አስጽፊ።

ሂሳብ ወዳድ፦ በተባለው እስማማለሁ። ግን ወለዱ ስንት ነው ከማለትሽ በፊት በምን ላይ እንደሚሰላ ጠይቂ። ተራ ቁጠባ ላይ ይሄ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

በዓመት 6 በመቶ ይከፈላል እንበል። ሂሳብሽ ላይ 10,000 አለ። ባለ 30 ቀን ወር ላይ ለሁለት ቀን ብቻ 9,000 አውጥተሽ መለስሽ። ባንኩ በየዕለቱ ቀሪ ሂሳብ ላይ የሚያሰላ ከሆነ የወሩ ወለድ 47 ገደማ ይሆናል። በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ የሚያሰላ ከሆነ ደግሞ በ1,000 ላይ ብቻ ይታሰባል፤ የምታገኚው 5 ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለቱም «6 በመቶ» ነው የሚሉት! በየቦታው እየዞርሽ ግማሽ በመቶ ጭማሪ ከመፈለግ ይሄን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበልጣል።

ሌላው የዋጋ ንረት ነው። ወለዱ 7፣ ንረቱ 10 በመቶ ከሆነ ቁጥሩ እያደገ የገንዘቡ አቅም ይወርዳል። ለብዙ ዓመት የምታስቀምጪ ብትሆኚ ሌላ አማራጭ እይ እልሽ ነበር። ለአንድ ዓመት ግን ቁጠባ ይበቃል።

ልዩ ቁጠባ ያላት፦ ልዩ ቁጠባ የሚሉት ሁኔታ ያለው ቁጠባ ነው። በየወሩ የተወሰነ መጠን አስገቢ፣ ከዚህ በላይ አታውጪ ይሉሻል። ሁኔታውን አንድ ወር ካላሟላሽ የዚያ ወር ጭማሪ ወለድ ሊቀር ይችላል። ደመወዝሽ በየወሩ በሰዓቱ የሚገባ ከሆነ ጥሩ ነው። ገቢሽ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ተይው።

አብዱ፦ ከወለድ ነፃውን ማንም ስላልነካው ልበል። በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። ወዲዓ የሚባለው አደራ ነው፤ ዋናው ገንዘብ ይመለስልሻል፣ ትርፍ ግን ቃል አይገባልሽም። ሙዳራባ ደግሞ ባንኩ ሠርቶበት ትርፉን አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ድርሻ የምትካፈሉበት ነው። ከስሮ ከተገኘ፣ በባንኩ ጥፋት ካልሆነ በስተቀር፣ ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው። ለክፉ ቀን ከሆነ ወዲዓውን ያዢ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ገባኝ። የትምህርቱን በጊዜ ገደብ፣ የቀረውን በየዕለቱ ቀሪ ላይ ወለድ በሚያሰላ ተራ ቁጠባ አደርገዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ባንኩ ራሱ ቢከስርስ?

የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦ በብዙ አገር የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ። ባንክ ሲወድቅ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ይከፈልሻል። ጣሪያው ስንት እንደሆነና ባንኩ አባል መሆኑን ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በአንድ ሰው በአንድ ባንክ ነው። እዚያው ባንክ ሁለት ሂሳብ ብትከፍቺ ተደምረው ይቆጠራሉ። ገንዘብሽ ከጣሪያው ካለፈ ያለፈውን ሌላ ባንክ አስቀምጪው።