ሮዝ ጄራኒየሜ በክረምት ለምን ጠቁሮ ወደቀ?

ጠያቂዋ፣ ባሕር ዳር ሹም አቦ፦
በግቢያችን አጥር ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያርፍበት መደብ ላይ ግንቦት ውስጥ 12 ሮዝ ጄራኒየም ተከልኩ። እናቴ በሕይወት ሳለች እዚያው ቦታ ትተክለው ስለነበር በጣም እሳሳለታለሁ። ሐምሌ ሲጋመስ አምስቱ ከሥራቸው ጠቁረው ወደቁ። የተረፉት ቅጠላቸው ሰፊ ነው፤ አበባቸው ግን የለም ማለት ይቻላል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ፍግ አደርግበት ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፣ ከግሽ ዓባይ፦
እህቴ፣ የገደላቸው ውኃ ነው። እኛ ጄራኒየም የምንለው ተክል የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ድርቁን ይችላል፣ ሥሩ ላይ ውኃ ሲተኛበት ግን ይሞታል። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ዋልካ ደግሞ ውኃ ይዞ አይለቅም። መደቡን ስንዝር ሙሉ ከፍ አድርጊው፣ አፈሩን ከአሸዋና በደንብ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ቀላቅዪው፣ ከጎኑም ቦይ ቅደጂ። እኔ በግማሽ ስንዝር ረክቼ በዓመቱ እንደገና ቆፍሬዋለሁ።

መልስ፣ ችግኝ የሚያፈላ፦
አበባ የከለከለዎት ፍጉ ነው። በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ ያበዛል። አሁኑኑ ያቁሙ፤ የደረቀውንም አበባ ከነአገዳው ይቀንጥሱ።

ጠያቂዋ፦
አንዱን ነቅዬ አየሁት። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ በጣቴ ስነካው ልጣጩ እንደ ራሰ ወረቀት ተገፎ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ሌሎቹስ ይተርፋሉ?

መልስ፣ ከግሽ ዓባይ፦
የጠቆረው አይድንም፤ ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣዪው፣ ብስባሽ ውስጥ እንዳትጨምሪው። ከጤነኞቹ ግን ዘር ማትረፍ ትችያለሽ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ አበባ ያልያዘ ጫፍ መርጠሽ ጣት በሚያህል ርዝመት ከአንጓው ሥር በንጹሕ ምላጭ ቁረጪ። የታች ቅጠሉን አራግፊና የተቆረጠው አፍ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አሳድሪው። ከዚያ እርጥበት ባለው አሸዋ ላይ ትከዪው። ላስቲክ አታልብሺው፤ ይበሰብሳል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል።

መልስ፣ ችግኝ የሚያፈላ፦
በበጋ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ያጠጡ፣ ውኃውም ቅጠሉን አይንካው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሰባቱ ሁለቱ ግንዳቸው ለስልሷል፤ ከቀሩት አምስት ጤነኞች ሁለት ሁለት ጫፍ እወስዳለሁ። አሸዋው ነገ ይመጣል።